ክሪስፊክስ፦ መኪናውን ራሱ መስራት ለሚወድ የሚሆን የዩቲዩብ ቻናል

መኪናውን በራሱ እጅ መነካካት ለሚወድ ሰው ክሪስፊክስን የሚያክል ቻናል እስካሁን አላየሁም፣ ደግሞ ሁሉም በነፃ ነው። ሰውዬው አሜሪካዊ ነው፣ ፊቱን አያሳይም፣ ካሜራው እጁና ስራው ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው ባይገባችሁም አይታችሁ ትከተሉታላችሁ። የፍሬን ሸራ ሲቀይር እዩት በቃ! ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ከፈታ በኋላ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተወውም፣ ያስረዋል፣ ፒስተኑን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ጠርጎ ግራሶ ይቀባቸዋል። ይቺን የፒን ነገር እኛ ጋ ስንቱ መካኒክ ዘሏት ያልፋል፣ ከዛ ፒኑ ይያዝና ሸራው ባንድ በኩል ብቻ ያልቃል።

ያላሟላው ነገር፣ የሚሰራቸው መኪኖች አሜሪካ ያሉት ስለሆኑ ቪትዝ ምናምን አትጠብቁ። ብሎን ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ የማጥበቂያ ልኩንም ከራሳችሁ መኪና ማንዋል ውሰዱ፣ ለምሳሌ ብዙ ኮሮላ ላይ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ደግሞ መኪና ስር እንዳትገቡ በናታችሁ፣ መደገፊያ ብረት የግድ ነው። ቪዲዮዎቹ ረዘም ስለሚሉ ዋይፋይ ስታገኙ ዳውንሎድ አድርጉና ስልካችሁን አጠገባችሁ አቁማችሁ እያያችሁ ስሩ።