ያለ መኪና ዲዝኒላንድ ላደረሱን ለከዚራው ጋሼ

የድሬ ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። በየማታው ልጽፍ እልና እንቅልፍ ይጥለኛል። ዛሬ ልጆቹ በጊዜ ተኝተዋል። ይሄን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ግን ዕዳ ሆኖብኝ ይኖራል።

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው አደራ ስላሉኝ አልጽፍም። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛቸው እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። እኔንና ሁለት ልጆቼን ያለ አንዳች መኪና ፓሪስ አጠገብ ካለው ዲዝኒላንድ አድርሰው፣ ከዚያም ለበረራችን በሰዓቱ ያደረሱን እሳቸው ናቸው። እዚሁ ድሬ ቁጭ ብለው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ሊዮን ነው። ክረምቱን ልጆቹን ይዘሽ ነይ አለኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ አምስት። ፈረንሳይ የሚባል አገር እንደምንሄድ ከሰሙ ጀምሮ ቤት ውስጥ ከዲዝኒላንድ ሌላ ወሬ ጠፋ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ለእነሱ ልስጣቸው ብዬ ወሰንኩ። ወንድሜ በሥራ ቀን መቅረት አይችልም። መኪናም የለው። እኔም መንጃ ፈቃድ የለኝም።

መጀመሪያ አንድ የጉዞ ቢሮ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውዬው ገና ሳልጨርስ «ያለ መኪና አይታሰብም» አለኝ። ከነሾፌሩ እናከራይሻለን፣ ቀብድ ክፈይ አለ። ከፈልኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ሲነሳ ደግሞ ለልጆቹ የመኪና መቀመጫ ተጨማሪ ክፈይ ተባልኩ። ፈረንሳይ ውስጥ ከአስር ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ልጅ መቀመጫ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ሕጉ ትክክል ነው። ግን ይሄ ብሬን ከመቀበሉ በፊት የሚነገር ነገር አልነበረም? ይቅርብኝ ስለው «ቀብድ አይመለስም» ብሎ ዘጋው። ያ ብር የአንድ ዓመት ቁጠባዬ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ያቃጥለኛል።

ሁለተኛው ቢሮ ደግሞ ጨዋ መሰለኝ። «ከዲዝኒ አጠገብ» ብሎ ሆቴል መረጠልኝ። አድራሻውን ለወንድሜ ስልክለት ደነገጠ። ፓርኩ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነው ያለው። ሆቴሉ በስተምዕራብ ነው! ከተማውን አቋርጠን በየቀኑ ልንመላለስ ማለት ነው። ተመልሼ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ሁሉም ፓሪስ ነው።» ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ። ለልጆቹ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ማሰብ ጀመርኩ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለዚህ ጉዳይ አልነበረም። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ላስተረጉም ነው። ወረቀቱን እያገላበጡ «ለዘመድ ጥየቃ ነው?» አሉኝ። ያ ሁሉ ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር ዘረገፍኩት። ስለ ቀብዱ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ልጆቹ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ባቡር ባለበት አገር መኪና ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

አንድ ባዶ ወረቀት ሳቡ። ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። መስመሩ ላይ ሦስት ነጥብ አደረጉ። ሊዮን፣ ፓርኩ፣ ኤርፖርቱ። በቃ ይሄው ነው። ሌሎቹ ሁሉ ፓሪስ ግቢ፣ ከፓሪስ ውጪ፣ ተመልሰሽ ግቢ ነበር የሚሉኝ። እሳቸው ፓሪስን ጭራሽ አልነኳትም። ከሊዮን የሚነሳው ፈጣን ባቡር ፓርኩ በር ላይ ይቆማል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በሁለት ሰዓት ግድም ያደርስሻል። ከዚያው ጣቢያ ደግሞ ሻርል ደጎል ኤርፖርት በፈጣን ባቡር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። መመለሻ በረራችን ከዚያ ስለሆነ ፓርኩ መንገዳችን ላይ ነው ያለው። አንድም ቀን አይባክንም። አቦ፣ ይሄን የሚነግረኝ ሰው ሳጣ ነው ያን ያህል ብር የተበላሁት!

ጋሼ ስለ ባቡር ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል። ፓርኩ የተከፈተው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 12 ቀን 1992 ነው። የከተማው ባቡር ግን እዚያ የደረሰው በዚያው ወር መጀመሪያ፣ ፓርኩ ሳይከፈት ነው። «አየሽ፣ መጀመሪያ ሐዲዱ ነው የሚመጣው። የእኛስ ድሬ በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ባይመጣ የት ትገኝ ነበር?» አሉኝ።

ቀጥሎ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አስገረመኝ። «የልጁ ቁመት ስንት ነው?» እስከዚያ ቀን ስለ ልጆቼ አንድም ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። በማግስቱ ሁለቱንም ይዣቸው ሄድኩ። ከመሳቢያቸው የአናጢ ሜትር አወጡ። «ማሙሽ፣ ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም» አሉት። የበሩ መቃን ላይ አስጠግተው፣ ጭንቅላቱ ላይ መጽሐፍ አጋድመው፣ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም። የልጅ ልጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ዝርዝሩን ከፍታ አነበበችላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ለልጄ ነገሩት።

«ተራራው ውስጥ የሚሮጠው የማዕድን ባቡር 1 ሜትር ከ2 ነው የሚጠይቀው። እሱ ይፈቀድልሃል። ጨለማ ውስጥ የሚወረወረው ግን 1 ሜትር ከ20 ይላል። እሱ ገና ነው። ማልቀስ ከፈለግህ አሁን አልቅስ፣ እዚያ እንዳታለቅስ።»

ልጄ አላለቀሰም። ጠመኔውን ቀና ብሎ አየና «ስመለስ ትለኩኛላችሁ?» አለ። ፓርኩ ውስጥ መለኪያው እንጨት ጋ ሲደርሱ የተከለከሉ ልጆች መሬት ላይ ተንከባለው ሲያለቅሱ ስናይ፣ ልጄ እጄን ይዞ «የእኔን ጋሼ ነግረውኛል» እያለ አለፈ። ይሄን ያደረገልኝ ሰው እንዴት አላመሰግን?

ሌላም አለ። የልጅ ልጃቸው ተይባ በፕላስቲክ የለበጠችልኝ ካርድ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም። ፈረንሳይኛው ከላይ፣ አማርኛው ከሥር። «ጋር፦ ለገሃሬ ማለት ነው። ቯ፦ ባቡሩ የሚቆምበት መስመር። ማርን ላ ቫሌ ሼሲ፦ እዚህ ውረጂ።» አንዱ ቃል ላይ ጋሼ ራሳቸው በእስክሪብቶ ክብ አድርገውበታል። ቯቱር። ፈረንሳዮቹ መኪናንም የባቡር ፉርጎንም በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። «ትኬትሽ ላይ ቯቱር ብሎ ቁጥር ይሰጥሻል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቯቱር ይሄ ብቻ ነው» አሉኝ። ሊዮን ጣቢያ ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ስቆም ዓይኔ የፈለገው ያንን አንድ ቃል ነበር። አገኘሁት። ገብተን ተቀመጥን።

ስለ ትኬቱ አቆራረጥ ብዙ አልተረዳሁም። እሳቸውና ወንድሜ በስልክ ተነጋግረው ጨረሱት። የገባኝን ልንገራችሁ። የፈጣን ባቡር ትኬት ቀደም ብሎ ሲቆረጥ በጣም ይረክሳል። የፓርኩ ትኬት ቀን የተጻፈበት ስለሆነ አስቀድሞ ይገዛል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይከፈልም። ሆቴሉን የመረጡልን ከፓርኩ አንድ ጣቢያ ብቻ ቀድሞ ቫል ዴሮፕ ከሚባል ቦታ ነው። በር ላይ ካሉት ሆቴሎች በብዙ ይቀንሳል። ከዚያ በከተማው ባቡር ደቂቃዎች ናቸው። ከጥር 2025 ወዲህ ቅርብም ሂዱ ሩቅ የአንድ ጉዞ ትኬት ዋጋው አንድ ነው፣ በ2025 2 ዩሮ ከ50 ነበር፣ ከአስር ዓመት በታች ላሉ ግማሽ።

ማርን ላ ቫሌ ወርደን ከጣቢያው ስንወጣ ፓርኩ እዚያው ነበር። ልጄ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ታክሲው የት አለ?» አለኝ። ታክሲ የለም፣ ደርሰናል አልኩት። አላመነኝም። እኔም ራሴ ለማመን ትንሽ ቆሜ ነበር።

ስለ ፓርኩ ብዙ አላወራም፣ ሄዳችሁ እዩት። ሮዝ ቀለም ያለው ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ ዋሻ ውስጥ የሚያንኮራፋ ዘንዶ አለ። ልጄ ሦስት ጊዜ መለሰችኝ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ፓርኩን ዙሪያውን የሚዞር በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር አለ። ተሳፈርን። ፉጨቱን ሲያሰማ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በድሬ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። ማታ ሲገባ እጁ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። በሩ ላይ ሆነን ፉጨት ስንሰማ «አባቢ መጣ» እንል ነበር። ልጄ አባቴን አላወቀውም። «አያቴ ይሄን ነበር የሚጠግነው?» አለኝ። የእሱ በናፍጣ ነበር አልኩት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። እህቱ እንባዬን አይታ በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጋሼን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳበት ሰዓት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቀን ማታ ሻንጣችንን ይዘን ጣቢያ ቆመናል። ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ባቡር ሰዓቱ ደረሰ፣ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። ድምፅ ማጉያው ይናገራል፣ አንድ ቃል አይገባኝም። ትንሹ ደክሞት ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ትልቋ «እማዬ፣ አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄዳል?» ትለኛለች። እግሬ ተንቀጠቀጠ። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ድሬ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ አትደንግጪ። 25 ደቂቃ ዘገየ ነው የሚለው። አልቀረም፣ ዘገየ ነው። በረራሽ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል አለው። ካርዱ ከሥር የጻፍኩት አውቶብስ ትዝ ይልሻል? ባቡሩ ቢቀር እንኳ በእሱ ትደርሻለሽ። አሁን ቁጭ በይ። ልጆቹ በልተዋል?»

አልበሉም ነበር። ከቤት የያዝኩት ዳቦ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁ። ጋሼ ስልኩን አልዘጉትም። ልጄን አናገሯት። ዘንዶው ምን ያህል እንደሚያክል ጠየቋት። ከበስተጀርባ የልጅ ልጃቸው ሳህን ስታነሳ ይሰማኛል፣ ለካ እራት ላይ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይብሉ፣ በቃ ተረጋግቻለሁ» ብላቸው «ባቡሩ ሲገባ በጆሮዬ ልስማው» አሉኝ። ሰሙት። ቯቱራችንን አግኝተን እስክንቀመጥ ጠብቀው ነው «መልካም መንገድ» ብለው የዘጉት።

ብሬን በልቶ ሁለት ሳምንት ስልክ ያላነሳ ሰው አውቃለሁ። እራቱን ትቶ ስልክ ያነሳልኝንም ሰው አወቅሁ።

ለዚህ ሁሉ ያስከፈሉኝ ገንዘብ መጀመሪያ ከተበላሁት ቀብድ አንድ አስረኛውን አይሆንም። ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡኝ። ጨምሬ ልስጥ ብል ተቆጡኝ።

ስለዚህ የድሬም የሐረርም ልጆች፣ ወደ ፈረንሳይ ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ፣ ሰነድ የምታስተረጉሙ፣ ልጆች ይዛችሁ መንገድ የጨነቃችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱ። እናቴ ብትሆን የምልካት እሳቸው ጋ ነው። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ትናንት ከልጆቹ ጋር ቡና ይዘንላቸው ሄደን ነበር። ልጄ ሰላም ሳይል ጫማውን አውልቆ መቃኑ ላይ ተጠግቶ ቆመ። ጋሼ ሜትሩን አወጡ። የድሮው ምልክት አልጠፋም ነበር። አዲሱ ከሱ በላይ የጥፍር ያህል ከፍ ብሏል።

ቤቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ከስድስት እስከ አስር ሰዓት በሐሩሩ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት እንዳታንኳኩባቸው፣ ጋሼ ያርፋሉ።