ስድስት ጎራሽ ወይስ ባለ ካዝና? አዲስ ሽጉጥ ጉድለቱን የሚያሳየው የት ላይ ነው

ሽጉጥ ከነካርቶኑ ስለተሸጠ ብቻ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ሁለቱ ዓይነቶች ግን፣ ማለትም ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ቀዳዳዎች የሚገባው ስድስት ጎራሽና ጥይቱ እጀታው ውስጥ በሚሰካ ካዝና የሚሞላው ባለ ካዝና፣ እንከናቸውን የሚያሳዩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ስድስት ጎራሹ አብዛኛውን ጉድለቱን ሳይተኮስ፣ ባዶውን በእጅ ሲፈተሽ ያወጣል። ባለ ካዝናው እስኪተኮስ ይደብቃል። ጥገና ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ ካዝናው ብዙ ጊዜ በዕቃ ቅያሪ ይድናል፣ ስድስት ጎራሹ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ለሁለቱም የሚቀድመው ወረቀቱ ነው። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው በአንድ አኃዝ እንኳ ከተለያዩ ዋጋው ቢረክስም አይውሰዱት።

ስድስት ጎራሹን ሲፈትሹ ሲሊንደሩን ከፍተው ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይን ይዩ፣ በጣትም ይዳስሱ። ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ዝጉትና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው መቺውን (ከኋላ ያለውን ጥይቱን የሚመታውን ብረት) በአውራ ጣት በጣም ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ። በሌላው እጅ ጣት ሲሊንደሩን በስሱ ያዝ ያድርጉት። መቺው መጨረሻ ላይ ደርሶ ከመያዙ በፊት ሲሊንደሩ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ይህን በስድስቱም ቀዳዳ ይድገሙት፤ አምስቱ ደህና ሆነው ስድስተኛው የሚዘገይበት አዲስ ሽጉጥ አለ። የሚዘገየው ቀዳዳ ከአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ጋር ስለማይገጥም እርሳሱ ጠርዝ ላይ ይላጫል፤ ፍንጣሪውም ተኳሹን ወይም አጠገቡ የቆመውን ይመታል። ይህ የታየበትን መመለስ እንጂ «ሲለምድ ይስተካከላል» የሚለውን የሻጭ ማባበያ መስማት አያስፈልግም።

ቀጥሎ መቺው እንደተሳበ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁና መቺውን ከኋላ በአውራ ጣት ወደ ፊት ይግፉት። ከወደቀ ሽጉጡ አደገኛ ነው።

በሲሊንደሩና በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው መካኒኮች ቫልቭ በሚያስተካክሉበት ፊለር ጌጅ፣ ማለትም በስስ የብረት ቅጠሎች መለኪያ ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ጋራዥ ውስጥ አይጠፋም። ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ከ0.25 ካለፈ ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ የጥይቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ከ0.05 ካነሰ ደግሞ ሽጉጡ ሲግልና ጥላሸት ሲይዝ ሲሊንደሩ አልዞር ይላል። አንዱን ቀዳዳ ለክተው አያቁሙ፤ የሲሊንደሩ ፊት ጠማማ ከሆነ ልኩ ከቀዳዳ ቀዳዳ ይለያያል። (ሰባት ጎራሹ ናጋንት ግን በዚህ አይለካም፤ መቺው ሲሳብ ሲሊንደሩ ራሱ ወደ ፊት ሄዶ ክፍተቱን እንዲዘጋ ሆኖ የተሠራ ነው።) በመጨረሻ ከኋላ ሆነው ይመልከቱት፤ የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ጎን ካዘመመ አፈሙዙ ተጣሞ ታስሯል።

ባለ ካዝናው ላይ በእጅ የሚፈተሸው ጥቂት ነው፦ ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት) ሳያንገራግር መመለሱ፣ ባዶ ካዝና ገብቶ ሲሳብ ከኋላ ተይዞ መቅረቱ፣ የካዝናው ከንፈሮች (ጥይቱን የሚይዙት የላይ ጠርዞች) ሁለቱም እኩል መሆናቸው። ዋናው ጣጣ፣ ጥይት ነክሶ መቆም፣ በተፈቀደ መተኮሻ ቦታ ቢያንስ 50 ጥይት ካልተተኮሰ አይታወቅም። ሁለት ካዝና ይዘው ቁጥር ይጻፉባቸው። ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ የሚቆመው በአንዱ ካዝና ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ነው፣ ይቀየራል። ቀለሁ መውጫው ላይ ቆሞ ከቀረ ቀለህ ጎታቹን፣ ስፕሪንጉን ወይም ጥይቱን ይጠርጥሩ። ማካሮቭ የተባለውን ባለ ካዝና የሚገዛ ሰው የጥይቱን ሳጥን ያንብብ፤ የማካሮቭ 9 በ18 ሚሊሜትር ነው፣ 9 በ19 አይሆነውም።

ፋብሪካው ለማሸጊያ የሚቀባው ወፍራም ግራሶ ወሎ ውስጥ የራሱ መዘዝ አለው። በደሴና በኩታበር ብርድ ይረጋል፣ የመቺውን ጉልበት ይሰብራል፣ ጥይቱ ይከሽፋል፤ ገዢው ግን ስፕሪንጉን ይከሳል። በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ ስስ ዘይት ይቀቡት። ባቲና ቆላው ላይ ደግሞ ዘይቱ ይነስ፣ አቧራ ይጠራል፤ በዚህ በኩል ስላይድ ያለው ቀድሞ ይቸገራል።

መተኮሻ ቦታም በቂ ጥይትም ለማያገኝ ገዢ ስድስት ጎራሹ ይሻላል፤ ፈተናውን ካለፈ የገዙትን ያውቁታል። ልምምድ የሚያዘወትርና መለዋወጫ የሚያገኝ ሰው ባለ ካዝናውን ይውሰድ። ስድስት ጎራሹ ላይ የሚዘገይ ቀዳዳ ካገኙ በጠመኔ ምልክት አድርገው ለሻጩ እዚያው ያሳዩት፤ ከሱቁ ከወጡ በኋላ «እርስዎ ያበላሹት ነው» ይባላሉ።