የአባዬን ካሜራ ብርሃን ላይ ሳይከፍት ፊልሙን ላወጣልኝ የከዚራው ፎቶ አንሺ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ጀመዓ። እኔ ብዙ አልፅፍም ግን ይሄን ሰውዬ ሳላመሰግነው ብቀር ነውር ነው፣ ደግሞ የብዙዎቻችሁ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አሮጌ ካሜራ ተጎልቶ እንዳለ ስለማውቅ ይጠቅማችኋል።

አባዬ ምድር ባቡር ነበር የሚሰራው። ካረፈ 2 ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሻንጣውን እማዬ አላስነካችም ነበር፣ በቀደም ግን ራሷ «በሉ ክፈቱት» አለች። ዜኒት ካሜራው ከነቆዳ ቦርሳዋ ወጣች፣ ያቺ የሩሲያዋ፣ ሰው ቢመቱባት የምትፈነክተው። ስንት ፎቶ እንደተነሳ የሚያሳየው ቁጥሯ 17 ላይ ቆሟል። ወንድሜ «ክፈቻት እስቲ ፊልም ካላት እንየው» ሲለኝ እኔም ጥፍሬን ክዳኑ ላይ አድርጌ ነበር ወላሂ፣ እማዬ ናት ከማድቤት «ተዉ ይቃጠላል!» ብላ የጮኸችው። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ከነካው እንደሚበላሽ ድሮ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ እኛ የስልክ ልጆች ነን የማናውቀው።

መጀመሪያ አንድ ቦታ ወሰድኳት (ስም አልጠራም)፣ ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ፊልሙ አይረባም አውጥተሽ ጣይው፣ ካሜራዋን ግን ለጌጥ ልግዛሽ» አለኝ። ተናድጄ ስወጣ አንዲት ጎረቤታችን ናት ወደ ፎቶ አንሺው ጋሼ የጠቆመችኝ። ስሜን እንዳታወጪ ስላለኝ አላወጣም። ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ዛፎቹ ስር ያለች ጠባብ ፎቶ ቤት ናት፣ ጉርድ ፎቶና ላሚኔሽን ነው የሚሰራው፣ በሩ ሰማያዊ ብረት ነው።

ካሜራዋን ሲያያት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከሳይክል ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አምጥቶ ክዳኗን ማሰር ነው፣ «አንቺንም ራሴንም ስለማላምን ነው» እያለ 😂 ከዛ 17 የሚለውን እንዳላምነው ነገረኝ። እንደሷ ያለች የድሮ ዜኒት ቁጥር በእጅ ካልመለሱት በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ስለዚህ ባዶዋን ሆናም 17 ልትል ትችላለች። በግራ በኩል ያለችውን ማጠንጠኛ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞራት፣ ጆሮውን አስጠግቶ። ትንሽ ሄደችና ያዝ አደረገችው። «አለ» አለኝ። በቃ ሌላ ምንም አላለም፣ «አለ»፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ፊልሙ ባለ 36 ፎቶ ከሆነ እኮ 19 ይቀረዋል፣ ለምን ጨርሰነው አናጥበውም አልኩት። ሳቀብኝ። ፊልም ሲያረጅ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይደክማል፣ አሁን ብታነሺበት በደንብ አይወጣም፣ የተነሳውም ቢሆን ሳይታጠብ በቆየ ቁጥር እየደበዘዘ ነው የሚሄደው አለኝ፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። የት ነበር ያስቀመጣችሁት ሲለኝ ቁም ሳጥን ላይ ከቆርቆሮው ስር አልኩት፣ በድሬ ፀሐይ፣ ወደ 20 ዓመት። «ቅቤ እዛ ታስቀምጫለሽ?» አለኝ። ምን እመልሳለሁ።

ማውጣቱ ነው ያስገረመኝ። እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት አለው፣ ካሜራዋን አስገብቶ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ከቶ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ በዳበሳ ይሰራል። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያጠነጥነው፣ ያረጀ ፊልም ይሰባበራል፣ ደረቅ ሆኖ በፍጥነት ከተጠነጠነ ደግሞ ሰበቃው ብልጭታ ፈጥሮ ምስሉ ላይ ምልክት ይጥላል አለኝ። መሃል ላይ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ተቀደደ። እኔ ድርቅ ብዬ ቀረሁ፣ እሱ ግን ከንፈሩን ነክሶ ዝም ብሎ ቀጠለ፣ የተቀደደውን እዛው ጨለማው ውስጥ ብርሃን የማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተና እጁን ሲያወጣ ላቡ እስከ ክርኑ ነው። ያኔ ክዳኑን ከፍተነው ቢሆን ኖሮስ እያልኩ እስካሁን ያባንነኛል።

ፊልሙ የከለር ነበር ግን ቀለሙ እንደማይመለስ ነግሮኝ በጥቁርና ነጭ ኬሚካል አጠበው፣ እንደዛ ምስሉ የመትረፍ እድሉ የተሻለ ነው አለኝ። ኬሚካሉን ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣ 3 ሳምንት ጠበቅኩ (ይሄን እወቁት፣ ቸኩላችሁ አትጨቅጭቁት)። ከ17ቱ 9 ወጡ። ኔጋቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ነጭ ብርሃን የሚያበራ ስክሪን ላይ ዘርግቶ በስልክ አንስቶ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ገልብጦ ላከልኝ።

አንዱ የአባዬ አውራ ጣት ነው። አንዱ የፍየል ቂጥ። አንዱ ላይ ሊትሪናዋ (ያቺ የድሮዋ የሰው ባቡር) ጣቢያው ውስጥ ቆማ ጓደኞቹ ተደግፈዋታል። አንዱ ላይ ደግሞ እማዬ ደቻቱ ወንዝ ዳር አጥር ስር እኔን አቅፋ ፀሐዩ ዓይኗን አጨናብሷታል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። እማዬ አጥሩን አይታ ነው ዘመኑን ያወቀችው፣ የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ የወሰደው አጥር ነው። ከጎርፉ በኋላ አባዬ ያቺን ካሜራ ሲይዝ አላስታውስም፣ እማዬም አታስታውስም። ፎቶውን ስልኬ ላይ እያየች ዝም ብላ ቆየችና «ጎረቤቶቹንም አንስቷቸው ይሆን?» አለች። ባልወጡት 8ቱ ውስጥ ይኖሩ ይሆናል።

ሁሉንም በ800 ብር ነው የሰራልኝ፣ ጨምሬ ልስጥ ብለው ተቆጣኝ።

ጉድለት ካላችሁኝ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ዘግቶ እስከ 10 ሰዓት የለም፣ ድሬ ነው መቼስ። ስልክም አያነሳም። ካሜራችሁን እንዳለ ሳትነኩት በጥቁር ፌስታል ውሰዱለት፣ ባለላስቲኳ ልጅ ናት የላከችን በሉት፣ ዋጋ አይቀንስላችሁም ግን ይስቃል።