እናቴን በትዕግሥት ላከመችልኝ የከዚራ የጥርስ ሐኪም

የድሬ ልጆች፣ እናት ያላችሁ ሁሉ ይህቺን አንብቡልኝ። ከዚራ፣ ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። በውስጥ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ።

እማዬ ድዷ አብጦ ከረመ። ስትቦርሽ ደም፣ ስትበላ ደም። የቀፊራ ገበያን ማንጎ እንደዚያ የምትወድ ሴት፣ ክሩ ጥርሷ መሀል እየገባ ሲያሳምማት እርም አለች። በስቴኪኒ ስትጎረጉረው ደግሞ ይብስባታል። የሄድንባቸው ቦታዎች ልቤን አቃጥለውታል። አንዱ ጋ አፏን በቅጡ ሳያዩ “ዕድሜ ነው፣ ይነቀል” አሉን። ሌላው ጋ ማስታገሻ ጽፈው ቀጣዩን ሰው ጠሩ። እናቴ እንደ ዕቃ ተገፍታ ወጣች። ገንዘቡስ ይቅር፣ ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ያለቀሰችው አይረሳኝም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ይህቺ ልጅ ግን መጀመሪያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደ ድሬ ወጋችን “አንቺ” እያለች አጫወተቻት። ጥርሷን አጠበችላት፤ በምን እንዳጠበችው አልገባኝም፣ ብቻ እማዬ አልጮኸችም። ከዚያ የጥርስ ክሩን፣ ፍሎስ የሚሉትን አወጣች። ብሩሽ ጥርስና ጥርስ መሀል አይደርስም፣ ድዱን የሚያሳብጠው እዚያ የሚቀረው ቆሻሻ ነው አለችን። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣ፣ ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣ በራሷ ጥርስ አሳየች። እማዬ ሞከረች፣ አቃታት። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸዋል፣ ክሩ ያመልጣታል። “በቃ ይቅር” ልል ስል፣ ልጅቱ የክሩን ሁለት ጫፍ ቋጥራ ክብ አደረገችው። “እማማ፣ አሁን መጠምጠም የለም፣ ጣቶችሽን አስገቢና ወጠር አድርጊው ብቻ።” መስታወት ይዛላት ቆመች። ውጪ ወረፋው ሞልቷል፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። እናቴ በገዛ እጇ የኋላ መንጋጋዋ ጋ ስትደርስ እንባዬ መጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ቢደማ እንዳንደነግጥ፣ ካልቆመ ግን እንድንመለስ ነገረችን። ቆመ። አንድም ጥርስ አልተነቀለ። ማታ ማታ ክሯን ሳትይዝ አትተኛም፣ ማንጎዋንም ጀምራለች።

እባካችሁ ሂዱ። ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። በተለይ “ይነቀል” የተባላችሁ፣ ሳታስነቅሉ እሷን አሳዩ። ቤታችሁ ጣቱን የሚያመው ሰው ካለም ክሩን ቋጥራ እንድታሳያችሁ ጠይቋት። እህቴ፣ እግዜርም አላህም ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።