ለብሎካችን የቧንቧ ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎች ብሎኮችም ጥቆማ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፦

በጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች የውሃ ጉዳይ የዘወትር ወሬያችን ነው። የብሎካችንን የውሃ መስመር ዘንድሮ ከሥሩ መርምረው ያስተካከሉልንን የቧንቧ ባለሙያ በጎረቤቶቼ ስም ለማመስገንና ባለሙያ ለሚፈልጉ ሌሎች ብሎኮችም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ።

የእኛ ችግር ውሃው በፈረቃ መምጣቱ ብቻ አልነበረም። በሚመጣበት ሌሊትም ግፊቱ ደካማ ስለነበር ምድር ላይ ያሉት ጀሪካናቸውን ሲሞሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት የቧንቧውን የአየር ፉጨት ብቻ ሲሰሙ ያድሩ ነበር። በዚህ የተማረሩ አንዳንድ ጎረቤቶች ፓምፕ በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር እንዲያያይዙላቸው ቢጠይቋቸውም ባለሙያው አልተቀበሉም። በቀጥታ የተገጠመ ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ከመሳቡም በላይ፣ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በእርጋታ አስረዷቸው። በረንዳዋ ላይ የ2,000 ሊትር ሮቶ ለማስቀመጥ ላሰበች ጎረቤታችንም፣ ሮቶው ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ 2 ቶን እንደሚሆን ነግረው ሐሳቧን አስቀየሯት። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው «ይህንን አልሠራም» ሲል መስማት በእኔ ግምት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ያቀረቡት መፍትሔ ምድር ላይ የጋራ ሮቶ ተቀምጦ ሌሊት እንዲሞላ፣ ፓምፑም ከሮቶው እየሳበ ወደ ላይ እንዲያደርስ ነበር። መዋጮው ግን አከራከረን። በቡና የተጀመረው ስብሰባ አቦልን፣ ቶናንና በረካን አልፎ ሁለተኛ ጀበና አስጣደ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ስለ ጋራ መጠቀሚያ ወጪ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚለውን አነበቡልን፤ ነገሩን የቋጩት ግን ምድር ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «የላይኞቹ ልጆች ልብስ ለማጠብ የሚወርዱት እኔው ቤት ነው፤ እኔም አዋጣለሁ» ሲሉ ሌላው ሁሉ ተከተላቸው።

ሥራው ሲጀመር ባለሙያው የተገዛውን ዕቃ ከነደረሰኙ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ በማዳበሪያ አድርገው ለኮሚቴው አስረከቡ። በእያንዳንዱ የውሃ መዝጊያ አጠገብ የቤቱን ቁጥር በዘይት ቀለም ጻፉ፤ የአንድ ቤት ቧንቧ ቢፈነዳ ብሎኩ በሙሉ ውሃ እንዳይቋረጥበት የትኛው እንደሚዘጋ ለጥበቃችንም አሳዩ። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ፣ የእኛስ የቱ ነው?» እያሉ ሲከቧቸው አንድም ቀን ቆጣ ሲሉ አላየሁም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው በብሎካችን ሐዘን የደረሰ ጊዜ ያደረጉትን ነው። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ለእንግዳ ወጥ እየተሠራ ሳለ ፓምፑ ቆመ። ሲደወልላቸው ማታውኑ መጡ፤ በስልክ መብራት ፓምፑን ፈትተው አየር የሚያስገባውን መጋጠሚያ አግኝተው አጠበቁት። እጃቸውን ታጥበው ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ጋር ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ። የሥራቸውን ሒሳብ ያነሡት ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ዋጋቸው በሰፈሩ ካሉት ሁሉ ዝቅተኛው አይደለም፤ ሥራም ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ስልካቸውን በፈቃዳቸው ለብሎካችን ኮሚቴ ስለሰጡ ከዚያ መውሰድ ይቻላል። ስትደውሉ የእናንተ ብሎክ የውሃ ፈረቃ በየትኛው ቀን እንደሆነ ንገሯቸው፤ የመስመሩን ግፊት ውሃ ባለበት ሰዓት ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም።