የራውንድሃውስ «ሌዲ አን»፦ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማት የእንፋሎት ባቡር

በእንግሊዝ አገር በዶንካስተር ከተማ የሚገኘው ራውንድሃውስ ኢንጂነሪንግ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ትናንሽ የእንፋሎት ባቡሮችን በመሥራት የታወቀ ድርጅት ነው። ከሥራዎቹ መካከል ስሟ በብዛት የሚነሳው «ሌዲ አን» ስድስት መንኮራኩር ያላት፣ በግራና በቀኟ የውሃ ጋን ቅርጽ የተገጠመላት፣ የየትኛውም ነባር ባቡር ግልባጭ ሳትሆን በሠሪዎቿ ምናብ የተነደፈች ናት። ድርጅቱ ተገጣጥማና ቀለም ተቀብታ ያለቀችውንም፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማትንም ይሸጣል፤ እዚህ የምገመግመው ሁለተኛይቱን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ጊዜና ትዕግሥት ያለው ሰው ያለቀችውን ትቶ ያልተገጣጠመችውን ቢገዛ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም የዋጋው ልዩነት ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ያሰረ ሰው በኋላ እንፋሎት በየት በኩል እንደሚያመልጥ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ የማያስፈልገው መሆኑ ነው።

የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ለገዢው አልተተወም። ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ማለትም ቦይለሩ፣ ከመዳብ ተሠርቶ፣ በብር ብየዳ ተያይዞና በግፊት ተፈትሾ ይመጣል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም በካሬ ኢንች 40 ፓውንድ፣ ማለትም 2.8 ባር ገደማ ግፊት የሚሸከም ዕቃ ለጀማሪ መለማመጃ የሚሰጥ አይደለም። ለቀሪው ሥራ ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ ሊማና አነስተኛ ሞርሳ ይበቃሉ፤ ቶርኖ የሚጠይቅ ሥራ የለም።

ገጣጣሚው ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እንፋሎቱ በየትኛው ሰዓት በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚመላለሰው ፒስቶን ወደ የትኛው ወገን እንደሚገባ የሚወስነውን የዘንጎች ስብስብ ነው። ይህ ስልት ቤልጅየማዊው መሐንዲስ ኢጂድ ዋልሻርት እ.ኤ.አ. በ1844 ያስመዘገበው ሲሆን፣ ዓለምን ያዳረሱት ትልልቅ የእንፋሎት ባቡሮች ብዙዎቹ የተጠቀሙበት ነው፤ «ሌዲ አን» ላይ የተገጠመው ቀለል ተደርጎ የተሠራው ዓይነት ነው። ዘንጎቹ ከታሰሩ በኋላ መንኮራኩሮቹን በጣት ቀስ እያሉ ማዞር ይገባል፤ በዙሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነከስ የሚያደርግ ነገር ካለ፣ ቀዳዳ በሊማ ለማስፋት ከመቸኮል በፊት ዘንጎቹን ተራ በተራ እየፈቱ የሚነክሰው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከዚያም ዘንጎቹ የሚያንቀሳቅሱትን የእንፋሎት መክፈቻና መዝጊያ፣ ማለትም የቫልቩን ክዳን ከፍቶ፣ ፒስቶኑ ወደፊትና ወደኋላ ጫፍ ሲደርስ በሁለቱም ወገን ያሉት የእንፋሎት መግቢያዎች እኩል መከፈታቸውን በዓይን ማየት ነው። አንደኛው ጠበብ ብሎ ሌላው ሰፋ ብሎ ከታየ፣ ባቡሯ ስትሄድ እንደምታነክስ ገና እሳት ሳይነካት ታውቋል ማለት ነው። በእኔ ግምት ዕቃዋ ለገዢው የምትሰጠው ትልቁ ዕውቀት እዚህ ክዳን ሥር ያለው ነው፤ ያለቀችውን የሚገዛ ሰው ግን ይህን ክፍል ለዓመታት ሳይከፍተው ሊቆይ ይችላል።

ለጉዞ የማዘጋጀቱ ሥርዓት ቅደም ተከተል አለው፤ ዘይት ይቀድማል፣ ውሃ ይከተላል፣ ቡቴን ጋዙ መጨረሻ ላይ፣ ከማንኛውም እሳት ርቆ ይሞላል። እሳቱ የሚለኮሰው በጭስ ማውጫው በኩል ነው። የጋዙን መክፈቻ በጥቂቱ ከፍቶ ላይተሩን የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ሲያስጠጉት፣ ነበልባሉ «ፖፕ» ብሎ በቱቦው ውስጥ ወደኋላ ይሸሽና ማንደጃው ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ዝግ ያለ የማጉረምረም ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ወደ ፉጨት ወይም ወደ ጩኸት ካደላ ጋዙ በዝቷልና መቀነስ ይገባል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የግፊት መለኪያው መርፌ መነሳት ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሲሊንደሮቹ ቀዝቃዛ ስለሆኑ የገባው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ስለዚህ ባቡሯ በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋች ያንን ውሃ በጭስ ማውጫዋ እስክትተፋ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። አጠገቧ የቆመ ሰው ሸሚዙ ላይ የዘይት ጠብታ ቢያገኝ ሊገረም አይገባም።

ጀማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚዘነጉት ዘይት የሚያቀብለውን ትንሽ ዕቃ ነው። አሠራሩ በጣም ቀላል ነው፤ ወደ ሲሊንደር ከሚሄደው እንፋሎት ጥቂቱ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ዘይቱ ይገባና ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ውሃውም ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደታች ይሰምጣል፣ ዘይቱ ደግሞ ከፍ እያለ በዚያው ቀዳዳ ወጥቶ ከእንፋሎቱ ጋር ይጓዛል። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዕቃው ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ እሱን ቀድቶ ማውጣትና አዲስ ዘይት መሙላት ግድ ነው። ዘይቱም ለእንፋሎት ሞተር ተብሎ የተዘጋጀው ወፍራም ዘይት መሆን አለበት፤ የመኪና ዘይት በትኩስ እርጥበት ውስጥ ተግባሩን አይፈጽምም። ለውጭዎቹ ዘንጎችና ለመንኮራኩሮቹ ግን ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብታ ይበቃል።

በንድፏ ውስጥ የማደንቀው አንድ ጥበብ አለ። የጋዝ ጋኑ መጠን ሆን ተብሎ የተወሰነው ጋዙ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ነው፤ በዚህም የተነሳ ባለቤቷ ቢዘናጋ እንኳ ባዶ ቦይለር በእሳት ላይ አይቀርም። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን እሳቱ በራሱ ይጠፋል። ቢሆንም ቡቴን ብርድ አይወድም፤ በክረምት ጠዋት ግፊቱ ስለሚቀንስ ነበልባሉ ይደክማል።

ስለ ውሃ ደግሞ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንደ ለንደን ባሉ ቦታዎች የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያን በነጭ ቅራሪ እንደሚያለብሰው ሁሉ ቦይለሩንም ያለብሰዋል፣ ስለዚህ ተንኖ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ መጠቀም ይመረጣል። ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ማዕድኑ በኬሚካል የወጣለት ውሃ ግን ከናስ ውስጥ ዚንክን ይመጥጣል እየተባለ ስለሚነገር ብዙዎች ይሸሹታል፤ እኔም እሸሸዋለሁ። የጋዙ ቀጭን አፍንጫ ሲደፈን ደግሞ አውጥቶ በአየር ማራገፍ እንጂ በሽቦ መጎርጎር አይገባም፤ ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከሰፋ ነበልባሉ ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም።

ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰውን የቀድሞውን ምድር ባቡር እያሰበ ይህችን ዕቃ የሚመኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለእሱ የምነግረው «ሌዲ አን» ያቺ አለመሆኗን ነው። እሷ ከእውነተኛው ባቡር 19 ጊዜ አንሳ የተሠራች ስትሆን፣ 32 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ስትቆም የምትወክለው ሁለት ጫማ ስፋት የነበራቸውን የማዕድንና የእርሻ መስመሮች ነው። የለገሃሩ መስመር ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ያንን በትንሹ ለማሳየት 45 ሚሊሜትር ሐዲድና 22.5 ጊዜ የተቀነሰ ባቡር ያስፈልጋል። የእሷም መንኮራኩሮች ወደ 45 ሚሊሜትር ሊሰፉ ይችላሉ፣ አካሏ ግን ለዚያ ልኬት ትልቅ ይሆናል። ወደ አገር ቤት ሊወስዳት የሚያስብም ቢኖር የአዲስ አበባ ከፍታ ሊያስጨንቀው አይገባም። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢፈላም፣ በተዘጋው ቦይለር ውስጥ በ40 ፓውንድ ግፊት ሙቀቱ እዚያም ቢሆን 140 ዲግሪ ይጠጋል። የሚያስቸግረው አውሮፕላኑ ነው፤ የጋዝ ቆርቆሮ በሻንጣ አይገባም፣ የባቡሯም ጋን ፈጽሞ ባዶ መሆን አለበት።

ጉድለቶቿን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዋጋዋ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት መጫወቻዎች ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሌላው የእንግሊዝ የእንፋሎት መጫወቻ ሠሪ ማሞድ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያቀረባት በደረቅ ነዳጅ የምትነድ ባቡር በእጅጉ ርካሽ አማራጭ ናት፣ ዳሩ ግን ሲሊንደሮቿ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ የሚሠሩ ስለሆኑና እሳቷን ማስተካከል ስለማይቻል የባለቤቱን ትእዛዝ የምትሰማው በጥቂቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ቀለሙ ነው፤ ባልተገጣጠመችው ላይ ቀለም መቀባቱ የገዢው ኃላፊነት ሲሆን፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሙቀት የሚችል ቀለም ካልተመረጠ ይላላጣል። ሦስተኛው፣ በእጅ ብቻ የምትታዘዘው «ሌዲ አን» አቀበት ላይ ደክማ ቁልቁለት ላይ የምትፈተለክ መሆኗ ነው። ሐዲዱ ዝርግ ከሆነ ይህ ችግር አይደለም፤ ተዳፋት ካለው ግን የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ከመጀመሪያው አብሮ ማዘዝ ይሻላል፣ ምክንያቱም በኋላ ለመጨመር አካሏን እንደገና መፍታት ያስፈልጋል። የሬዲዮው ዋጋ የሚከብደው ሰው በዚያው ገንዘብ በመገጣጠሚያዎች መካከል እንፋሎት እንዳያመልጥ የሚገቡ ትርፍ ጓርኒሲዮኖች፣ አንድ መለዋወጫ የጋዝ አፍንጫና ጠርሙስ የእንፋሎት ዘይት ይግዛ፤ ሐዲዱንም በውሃ ልክ እየለካ ያስተካክል።