አታሞ፣ የፕላስቲክ ከበሮ ወይስ ባለ ቁልፍ? ለትንንሽ ልጆች የቱን እንግዛ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች አነስተኛ አጸደ ሕፃናት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ሙዚቃ አስተምራለሁ። መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጆች «የትኛውን ከበሮ እንግዛ?» ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አሥር የፕላስቲክ ከበሮ ከመግዛት ሁለት ፊት ያለው አንድ ጥሩ አታሞ መግዛት ይሻላል።

በሁለቱም በኩል ቆዳ የለበሰ ከበሮ ሰፊው ፊቱ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ልዩነት ለአራት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ሁለቱን ፊት በተራ መምታት ግን በቂ ነው። አምና አፏን ከፍታ የማትናገር አንዲት ልጅ ነበረችን። እኔ ሰፊውን ፊት ስመታ እርሷ መዳፏን ጠባቡ ላይ አሳረፈች። ቆዳው ከእጇ ሥር ሲርገበገብ ደንግጣ አነሳችው፤ መዳፏን ገልብጣ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። መምታቴን ሳቆም «ድገሚው» አለችኝ። ከእርሷ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። በእኛ ክፍል ያሉት የፕላስቲክ ከበሮዎች በየትኛውም በኩል ቢመቱ ድምፃቸው ያው ነው፤ ልጆቹም ቶሎ ይሰለቿቸዋል።

አታሞ ግን ክረምትን አይወድም። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። ወደ ሰንዳፋና ሱሉልታ ያላችሁ፣ ብርድና ጭጋግ የሚበዛባችሁ፣ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። ፀሐይ ብቅ ባለችበት ሰዓት ጥቂት ማስጣት መልሶ ይወጥረዋል፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማቆየት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲኩ በዚህ ይበልጣል፤ አይረግብም፣ በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እኔም ፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

ባለ ቁልፉን የኤሌክትሮኒክ ከበሮ አልመክርም። ልጁ ቁልፉን ይጫናል፣ ምቱ በራሱ ይሄዳል፣ እጁ ሥራ ይፈታል። ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን በስድስት ስምንተኛ ምት (አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት እየተባለ በሚቆጠር) የሚሄዱ ሲሆኑ እኔ ባየኋቸው መጫወቻዎች ውስጥ የተሞላው ግን የአራት ምት ነው። መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ መሣሪያው ዝም ይላል።

ጸናጽል ድምፁ ልብ ቢማርክም ንዋየ ቅድሳት ነውና ለክፍል መጫወቻ አልገዛውም። ለመንቀጫቀጭ ድምፅ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሽምብራ ጨምሮ ክዳኑን በሙጫ ማሸግ ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግን በመፀዳጃ ወረቀት መሐል ባለው የካርቶን ቱቦ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ሊያንቃቸው ስለሚችል ክዳኑን በየሳምንቱ ፈትሹ። ዱላም አትናቁ፤ ልጆቻችን ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ምቱን የሚጠብቁት መሬቱን በዱላ እየመቱ ነው።

ዛይሎፎን፣ ማለትም የተደረደሩ የእንጨት ዘንጎቹ በትንሽ መምቻ የሚመቱ መሣሪያ፣ የሚያምራቸው ወላጆች አሉ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 በሙኒክ በተቋቋመ ትምህርት ቤት የጀመረው የማስተማር ዘዴ በልጁ አካልና አንደበት ላይ የቆመ ነው፤ ጭብጨባ፣ የእግር ምትና ንግግር መሠረቱ ናቸው። እኔም ይህንኑ እከተላለሁ፤ ማጨብጨብ ያልለመደ ልጅ በዛይሎፎን የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ እርሱን መጨረሻ ግዙት።

መርካቶ ስትሄዱ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን አትርሱ። ነጋዴው ሲመታው ሁሉም ያምራል፤ ራሳችሁ ምቱት። መሐሉን፣ ከዚያ ዳሩን፣ ከዚያ ሌላውን ፊት። ሁለቱ ፊቶች ተመሳሳይ ድምፅ ካወጡ ተዉት። ቆዳው በሚስማር ሳይሆን በጠፍር የተወጠረውን ምረጡ፤ የላላ ሚስማር የልጅ ጣት ይቧጭራል፣ ጠፍሩን ግን ሲረግብ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። እንጨቱን በመዳፋችሁ ዙሪያውን ዳብሱት፤ ስንጥር ካለ እጃችሁ ያገኘዋል። ከተቻለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ሲያጋድመው ትከሻውን ሳይወጥር ሁለቱም እጆቹ ሁለቱን ፊት መድረስ አለባቸው።